ቃርሚያ፦ በዛብህን ከሞት ስለሚያድኑ አንባብያን

፩. መነሻ

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብቦ የጨረሰ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ከደራሲው ጋር የሚሟገትበት አንድ ጉዳይ አያጣም። ይኸውም የበዛብህ ሞት ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ፣ በተለይም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት ከተረከው በኋላ፣ ይህ ሙግት ከአንባቢው አልፎ ፊደል ያልቈጠረውን አድማጭ ጭምር የያዘ ሆኗል። «ምነው ጥቂት ቢያቆዩት!» «ምነው ሰብለ ቀደም ብላ በደረሰች!» የሚለው ቍጭት አገር ቤት ብቻ አልቀረም፤ ባሕር ተሻግሮ ተከትሎናል።

በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ በፌርፋክስ ጎዳና ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ በስተደቡብ ባለችው አጭር መንገድ ግራና ቀኝ፣ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች ተደርድረዋል። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ሥፍራዋን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሟታል። እኛ በዚያች መንገድ ቡና ይዘን በተቀመጥንባቸው ዓመታት ስለ ፖለቲካ የተነሡትን ክርክሮች ቈጥረን አንዘልቃቸውም። ከፖለቲካው ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሰማነው ክርክር ግን የበዛብህ ጉዳይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከተከራካሪዎቹም መካከል ቍጭታቸውን ተናግረው ብቻ ያልተመለሱ፣ ይልቁንም ብዕር አንሥተው መጽሐፉን ካበቃበት የቀጠሉ እንዳሉ የተረዳነው ቈይተን ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እነዚህን አንባብያን ነው።

አንድ አንባቢ የወደደውን የሌላ ደራሲ ድርሰት ገጸ ባሕርያት ወስዶ፣ ያለ ዋጋና አብዛኛውን ጊዜ ያለ ፈቃድ፣ አዲስ ታሪክ ሲጽፍላቸው የሚገኘውን ሥራ አሜሪካኖች የአድናቂዎች ልብ ወለድ ይሉታል። እኛ ለዚህ ጽሑፍ ያህል «ተቀጥላ ድርሰት» እንለዋለን። ምሁራኖቻችን ነገሩን የልጆች ጨዋታ አድርገው ስለሚያዩት እስካሁን በሒስ ሚዛን ላይ አላወጡትም። በእኛ አስተያየት ይህ ስሕተት ነው። ተቀጥላ ድርሰት ሊመዘን ይገባዋል፤ የራሱ የሆነ መመዘኛም አለው።

፪. ርስቱና ቃራሚው

በመጀመሪያ ነገሩ እንግዳ እንዳልሆነ እናሳይ። «ስታር ትሬክ» የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድርሰት እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ እዚሁ ሆሊውድ ውስጥ ሲሠራ፣ አድናቂዎቹ በማግሥቱ ዓመት በ1967 «ስፖካናሊያ» የተባለች፣ በስቴንስል የተባዛች መጽሔት አወጡ። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ከወጡት እንዲህ ያሉ መጽሔቶች ጸሐፊዎች አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ከሥራና ከቤት ጣጣ በተረፋቸው ሰዓት ይጽፉ፣ ያባዙ፣ በፖስታ ይላላኩ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት የተማሪዎችን ጽሑፍ በስቴንስል ሲያባዛ ጣቱ በቀለም የጠቈረ አንባቢያችን፣ ዓላማው የተለየ ቢሆንም፣ ድካሙንና ደስታውን ያውቀዋል።

ሄንሪ ጄንኪንስ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህን ጸሐፊዎች በሰው ርስት ያለ ፈቃድ ገብተው ከሚያድኑ ሰዎች ጋር አመሳስለዋቸዋል፤ ምሳሌውንም ያገኙት ከፈረንሳዊው ሊቅ ከሚሼል ደ ሰርቶ ነው። ምሳሌው ብልህ ነው። ይሁን እንጂ በእኛ አገር ከዚህ የቀረበ ሌላ ምሳሌ አለ፤ እርሱም ቃርሚያ ነው። ባለ እርሻው አጭዶ ከከመረ በኋላ በማሳው ላይ የቀረውን ዛላ ድኻው ይለቅመዋል። ሩት በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው ሌባ ሆና አይደለም፤ ሕጉም ልማዱም ስለፈቀደላት ነው። ቃራሚ በሰው ማሳ ውስጥ የገባ ነውና ባለ ርስት አይደለም። ወንጀለኛም አይደለም። አንድ ግዴታ ግን አለበት፦ ባለቤቱ የተወውን ይለቅማል እንጂ ክምሩን አይነካም።

የጥንት ሥነ ጽሑፋችን በዚህ ልማድ የተሞላ ነው። «ተአምረ ማርያም» ከምዕራብ አውሮፓ ተነሥቶ፣ በዐረብኛ በኩል አልፎ፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ ተመልሷል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመንና ከዚያ በኋላ የአገራችን ሊቃውንት በኢትዮጵያ ምድር ተፈጸሙ የሚሏቸውን ተአምራት ጨምረው መጽሐፉን አብዝተውታል። እዚህ ላይ ምእመናን በቅድስና የሚቀበሉትን መጽሐፍ ከልብ ወለድ ጋር እኩል ማድረጋችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። የምንለው፣ የተቀበሉትን ድርሳን ዘግቶ ከማስቀመጥ ይልቅ የራስን አገርና የራስን ሰው እየጨመሩ መቀጠል ለኛ ባህል አዲስ አይደለም ነው። በ«ዜና እስክንድር»ም ግሪካዊው ንጉሥ የሥላሴን ምስጢር የሚሰብክ ንጹሕ ክርስቲያን ሆኖ ይገኛል። በዘመናችን ደግሞ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን፣ አቤ ጉበኛና ጸጋዬ ገብረ መድኅን አንዱን ቴዎድሮስን እየተቀባበሉ ጽፈውታል። እያንዳንዳቸው የቀደመው የተወውን ዛላ ፈልገዋል። ይህንንም ሲያደርጉ ማንም ቀማኞች ናችሁ አላላቸውም።

፫. ሦስት ደብተሮች

በፌርፋክስ አካባቢ በተለያየ ጊዜ እንድናነባቸው የተሰጡንን ሦስት ደብተሮች እዚህ እንመረምራለን። ጸሐፊዎቹ ለኅትመት ያሰቡ ሰዎች አይደሉም። ስማቸውንም እንዳንጠቅስ ጠይቀውናል፤ ፈቃዳቸውን አክብረናል።

የመጀመሪያው ደብተር ባለቤት ለብዙ ዓመታት በሌሊት የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆነው የሠሩ አዛውንት ናቸው። ድርሰታቸውን የጻፉት በዚያች ጠባብ የጠባቂ ቤት ውስጥ ነው። በእሳቸው ድርሰት በዛብህ በመንገድ ላይ ወንበዴዎች ካደረሱበት ቍስል ይድናል፤ ሰብለን ያገባል፤ ልጆችም ይወልዳል።

ሁለተኛው የአንዲት የሆስፒታል ሠራተኛ ነው። እሳቸው ሰብለን ወደ ሎስ አንጀለስ አምጥተዋታል። ሰብለ ቀን የአረጋውያን አስታማሚ ሆና እየሠራች፣ ማታ በዛብህ ከየት አገር እንደሚደውል ሳታውቅ ስልክ ትጠብቃለች።

ሦስተኛው ደብተር ከሁለቱ ይለያል። ደራሲዋ እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ወጣት ስትሆን አማርኛ ትናገራለች፤ ፊደል ግን አታውቅም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያወቀችው በወጋየሁ ድምፅ ነው። እርሷ ስትናገር የጻፈችላት እናቷ ናት። የመረጠችው ገጸ ባሕርይም በዛብህ ወይም ሰብለ ሳትሆን በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ከምታገለግል አንዲት ገረድ ናት። ሰብለ በጠፋች ሌሊት ማግሥት ቤቱ ምን እንደ መሰለ የምትነግረን ይህች ገረድ ናት።

ደስታቸውንና ድካማቸውን በሚመለከት ሦስቱም የነገሩን ተመሳሳይ ነው። ደስታው፣ ወደውት የተለዩት ሰው ተመልሶ ቤት እንደ መጣ ያለ ደስታ ነው። አዛውንቱ እንዳሉት፣ ከመኪና ማቆሚያው ሲወጡ በዛብህን ለማግሥቱ ሌሊት በቀጠሮ እየተዉት ይሄዱ ነበር። ድካሙ ግን ብዙ ነው። የመጀመሪያው የጊዜ ነው። ሁለተኛው የቋንቋ ነው፤ የሐዲስ ዓለማየሁን የጎጃም አማርኛ ለመከተል ሲሞክሩ የገዛ አማርኛቸው እንደ ደኸየ ይታወቃቸዋል። ሦስተኛው የፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ከገባ ወዲህ አማርኛ መተየብ ቀሏል። ያም ሆኖ ሦስቱም በእጅ መጻፍን መርጠዋል። አራተኛውና ትልቁ ድካም ኀፍረት ነው። «የትልቅ ሰው ድርሰት ደፈርክ እንዳልባል» የሚል ፍርሃት ደብተሮቹን ለብዙ ዓመታት በትራስ ሥር አኑሯቸዋል።

ለዚህ ኀፍረት መልስ የሚሆን አንድ እውነተኛ ታሪክ እናስታውስ። ነቢይ መኰንን በደርግ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀቶች ላይ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀቶቹ በድብቅ እየወጡ ከተሰበሰቡ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ መጽሐፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1939 ለሕዝብ የቀረበው የዚሁ ድርሰት ፊልም በአብዛኛው የተቀረጸው ከፌርፋክስ ጥቂት ማይሎች ብቻ በሚርቀው በከልቨር ሲቲ ነው። በዚያ ፊልም ላይ ብዙ ገንዘብ ፈስሷል፤ የአዲስ አበባው እስረኛ ግን የነበረው የተጣለ ወረቀት ነው። ትርጕም ተቀጥላ ድርሰት አይደለም፤ ይህን አንዘነጋም። ሆኖም ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሰው ኀይል አንድ ነው። አንባቢው የወደደውን መጽሐፍ ዝም ብሎ ሊዘጋው አልቻለም። በዚያ ወረቀት ላይ ለመጻፍ ያልታፈረ፣ በደብተር ላይ ለመጻፍ የሚታፈርበት ምክንያት አይታየንም።

፬. ሚዛኑ

ፍቅር መኖሩ ብቻውን ድርሰቱን ጥሩ አያደርገውም። ከላይ ያነሣነውን የቃርሚያ ሕግ መመዘኛ አድርገን ደብተሮቹን እንይ።

የመጀመሪያው ደብተር ውብ ገጾች አሉት። በዛብህ ታሞ የተኛባቸውን ሌሊቶች አዛውንቱ የጻፉት ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ መጠበቅን በሚያውቅ ሰው ብዕር ነው፤ የጎሕ መቅደድን የሚናፍቅ አስታማሚ እንደዚህ ባለ እውነት ሲገለጽ ብዙ አላየንም። ድርሰቱ የሚወድቀው በዛብህ በዳነበት ቅጽበት ነው። ለምን ቢሉ፣ የበዛብህ ሞት ደራሲው በማሳው ላይ የተዉት ዛላ አይደለምና። የመከሩ ክምር ራሱ ነው። እናቱ ገና በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችው፣ የባላባቱ ቤት ከድኻ ልጅ ጋር መጋባትን የሚጸየፈው፣ ጉዱ ካሳ ያንን ሁሉ የሚነቅፈው፣ ነገሩ በመጨረሻ ሞት እንዲፈረድበት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተማርከው በፖንዛ ደሴት የታሰሩ ሰው ናቸው፤ የሰው ተስፋ በምን እንደሚሰበር ከመጽሐፍ አልተማሩትም። በዛብህ ከዳነ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሥርዓት ማንንም አልገደለም ማለት ይሆናል። እንግዲህ አዛውንቱ በዛብህን እናድናለን ሲሉ ሳያስቡት የዳኑት ፊታውራሪው ናቸው።

ሁለተኛው ደብተር ክምሩን አልነካም። ድክመቱ ሌላ ነው። ሰብለ ስሟን እንጂ ጠባይዋን ይዛ አልመጣችም። የመጽሐፏ ሰብለ በምንኵስና ልብስ ተሰውራ ከአባቷ ቤት የወጣች፣ በእግሯ አገር ያቋረጠች ሴት ናት። የሎስ አንጀለሷ ሰብለ ግን ስልክ አጠገብ ተቀምጣ የምትጠብቅ ብቻ ሆናለች። ጸሐፊዋ በእውነት ሊጽፉት የፈለጉት የገዛ ራሳቸውን ታሪክ ይመስለናል። ቢጽፉት ኖሮ የተዋጣ ድርሰት በሆነ ነበር። የትልቅ መጽሐፍ ስም አንዳንድ ጊዜ ለዓይን አፋር ጸሐፊ መከለያ ይሆናል። መከለያው ለመጀመር ይጠቅማል፤ እስከ መጨረሻው ከለበሱት ግን የጸሐፊውን ፊት ይሸፍናል።

ሦስተኛው ደብተር እንከን የለበትም አንልም። ገረዲቱ በአንዳንድ ሥፍራ የምትናገረው በዚያ ዘመን ሰው አፍ ሳይሆን በዛሬ አሜሪካዊት ተማሪ አፍ ነው፤ ስለ «መብት» የምትለውን ጉዱ ካሳ እንኳ በዚያ ቃል አይለውም። ቢሆንም በእኛ ሚዛን ከሦስቱ የላቀው ይህ ነው። ምክንያቱም ጥያቄው እውነተኛ ቃርሚያ ነውና። «ፍቅር እስከ መቃብር» የድኻውን ጩኸት አላፈነም፤ አበጀ በለውና ገበሬዎቹ በፊታውራሪው ላይ ሲነሡ አሳይቶናል። ነገር ግን ታሪኩ በገረዶቹ አፍ የተተረከ አይደለም። እመቤታቸው በፍቅር ነጻነቷን ስትፈልግ እንጨቱን የሚለቅሙት፣ ውሃውን የሚቀዱት፣ በማግሥቱም የጌታውን ቍጣ የሚቀበሉት ማን ናቸው? ወጣቷ ይህን ጠየቀች። ከጠየቀችው በኋላ እኛ ራሳችን መጽሐፉን እንደገና ስንከፍት ቀድሞ በዓይናችን ያለፍናቸው ሴቶች በየገጹ ይታዩን ጀመር። ተቀጥላ ድርሰት ወደ ዋናው መጽሐፍ መልሶ ከወሰደንና ያላየነውን ካሳየን ዋጋውን ከፍሏል።

ይህ መንገድ በዓለም ሥነ ጽሑፍ የታወቀ ነው። ዶሚኒካ በተባለችው የካሪቢያን ደሴት የተወለደችው ጂን ሪስ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመችው «ዋይድ ሳርጋሶ ሲ» በሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» ውስጥ በሰገነት ላይ ተዘግቶባት የኖረችውን እብድ የተባለች ሴት አስተነፈሰቻት። ነቢይ የተረጐመውን የሚቸልን ድርሰት ደግሞ አሊስ ራንዳል የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2001 በባሪያይቱ ልጅ ዓይን መልሳ ጻፈችው። የሚቸል ወራሾች ከሰሷት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በመጽሐፉ ላይ የተጣለውን እገዳ አነሣ፤ ጉዳዩም በ2002 በስምምነት አለቀ። የባለ መብቶች ሥጋት ከንቱ ነው አንልም። ደራሲ ከድካሙ ፍሬ ሊነጠል አይገባውም፤ ያለ ፈቃድ መነገድም ቃርሚያ አይባልም። ለፍቅር ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ደብተር ግን የማንንም ጎተራ አላጎደለም። ቴዎድሮስ ካሣሁን በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» በተሰኘው አልበሙ «ማር እስከ ጧፍ» ብሎ ከዚሁ መጽሐፍ በቀዳው ዘፈን ብዙ ወጣቶች ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ መጠየቅ ጀምረዋል። ማሳው ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላም ቃራሚ አላጣም።

፭. ስለ ራሳችን

እስካሁን የሌሎችን ደብተር ስንመዝን ቈየን። ይህን መጽሔት የምናዘጋጅና የምናነብ ስደተኛ ምሁራንስ የያዝነው ምን ዓይነት ደብተር ነው?

«የታኅሣሥ 1953ቱ ሙከራ ቢሳካ ኖሮ»፤ «በ1966 ሥልጣኑ በወታደሩ እጅ ባይወድቅ ኖሮ»፤ «የኛ ድርጅትና የእነ እገሌ ድርጅት ተግባብተው ቢሆን ኖሮ»። ስንቱን ጉባኤ፣ ስንቱን መጣጥፍ በዚህ አሳለፍን? እኛም እንደ አዛውንቱ በሌሊት ነቅተን የሞተውን ስናድን ኖረናል። ልዩነቱ፣ እሳቸው ልብ ወለድ መጻፋቸውን ያውቁ ነበር፤ እኛ ግን ታሪክ ጻፍን ብለን በግርጌ ማስታወሻ አጠርነው። በዛብህን ያዳነ ሰው ፊታውራሪውን ነጻ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ያለፈውን በምኞት የሚጠግን ምሁርም ለዚያ ጥፋት ተጠያቂ የሆነውን ሁሉ፣ ራሱንም ጭምር፣ በነጻ ያሰናብታል። የሞቱት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንዲህ ባለ ድርሰት አይነሡም።

የቀረልን ሥራ ቃርሚያው ነው። በታላላቆቹ ስሞች መካከል በማሳው ላይ የቀሩትን መልቀም ያስፈልጋል፤ ይኸውም ስንቅ ያቀበሉትን እናቶች፣ በር የከፈቱትን ሠራተኞች፣ ስማቸው በማንኛውም ድርጅት መዝገብ ያልገባውን ሰዎች። በፌርፋክስ በኩል በየቀኑ የሚያልፉ፣ ማንም ያልጠየቃቸው፣ ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ገና በሕይወት አሉ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ መጽሔታችን ለተቀጥላ ድርሰቶች ጥቂት ገጽ ይክፈት፤ ሒሱም ሳይራራ ይከተላቸው፤ ደብተርን ሳይመዝኑ ማመስገን ከመናቅ አይለይምና። ሁለተኛ፣ ልጆቻችን አማርኛን በሰዋስው ብቻ እንዳይማሩ፤ የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ መርጠው የራሳቸውን ምዕራፍ ይጨምሩለት። በዛብህ ወደ ፊታውራሪው ቤት የገባው ሰብለን ማንበብና መጻፍ ሊያስተምር እንደ ነበር አንርሳ። ፍቅሩም የመጣው ከትምህርቱ ጋር ነው።

ሦስተኛውን ደብተር ለባለቤቷ ስንመልስ አንድ ለውጥ አይተናል። እስከ ገጹ አጋማሽ በእናትየው የተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ ይወርድና፣ ከዚያ በታች ሦስት መስመሮች በትልልቁ፣ በተጣመሙ ፊደላት ይከተላሉ። «ሠ»ና «ሰ» ተምታተዋል፤ «ጸ» ተገልብጣለች። ልጅቷ የቀረውን ራሷ ለመጻፍ መጀመሯ ነው። እኛም አላረምነውም።